በጥቁር አፈር ግቢ የዝናብ ውሃን ማስተናገድ፦ ጉድጓድ ወይስ መደብ?

ጥያቄው፦ «ቤታችን ቦሌ ቡልቡላ ነው። ግቢው 250 ካሬ ሜትር፣ የቆርቆሮ ጣሪያው 110 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። አፈሩ ጥቁር ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ከአሸንዳው የሚወርደው ውሃ ኮብልስቶኑ ላይ ይተኛና በአጥሩ ሥር ወደ ጎረቤት ግቢ ይገባል፤ በዚህም የተነሳ ከጎረቤታችን ጋር ተቀያይመናል። ሜሪላንድ የምትኖረው እህቴ በግቢዋ ሬይን ጋርደን አሠርታ ውሃው በአንድ ቀን ሲጠፋ በቪዲዮ አሳየችኝ። እኔም ከቤቱ ጥግ፣ ከአሸንዳው ቱቦ ሥር፣ ወርዱም ርዝመቱም አንድ ሜትር ተኩል፣ ጥልቀቱ 2 ሜትር የሆነ ጉድጓድ አስቆፍሬ ድንጋይና ጠጠር ሞልቼበት ላዩ ላይ አበባ ልተክል አስቤያለሁ። ይሠራል? ትንኝስ አይራባበትም? ትርፉን ውሃ ከሴፕቲክ ታንኩ ጋር ባገናኘውስ?»

ምላሽ፦

ያሰቡት ጉድጓድ አይሠራም፤ በተባለው ቦታ ከተቆፈረ ደግሞ የቤቱን መሠረት ሊጎዳ ይችላል። በቅድሚያ መታረም ያለበት የሁለት ነገሮች መደባለቅ ነው። በድንጋይ የተሞላ ጥልቅ ጉድጓድ የውሃ ማስረጊያ እንጂ ሬይን ጋርደን አይደለም። ሬይን ጋርደን፣ ከዚህ በኋላ የዝናብ መደብ የምለው፣ ውሃ የሚያቁርበት ጥልቀት ከአንድ ስንዝር የማያልፍ፣ ሰፊ፣ ወለሉ የተስተካከለ የተክል ቦታ ነው። ከጣሪያና ከንጣፍ የሚመጣውን ውሃ ለጥቂት ሰዓታት ይይዛል፤ በውስጡ ባለው የአፈር ድብልቅና በተክሎቹ ሥር አጣርቶም ቀስ እያለ ወደ ታች ያሳልፋል። ሥራውን የሚሠራው ጥልቀቱ ሳይሆን ስፋቱ ነው፤ ከስፋቱም በላይ የሚወስነው ከሥሩ ያለው አፈር ውሃ የሚጠጣበት ፍጥነት ነው። ጉድጓዱ በጠለቀ መጠን ብዙ ውሃ ይጠፋል የሚለው ግምት በአሸዋማ አፈር ላይ በከፊል እውነት ሊሆን ይችላል፤ በእርስዎ ግቢ ግን ፈጽሞ አይሆንም።

ይህን በቁጥር ማየት ይቻላል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። ስለዚህ 25 ሚሊ ሜትር የሚለካ አንድ ብርቱ ዝናብ በእርስዎ ጣሪያ ላይ 2,750 ሊትር ያወርዳል። ያሰቡት ጉድጓድ ባዶውን 4,500 ሊትር ቢይዝም፣ በድንጋይና በጠጠር ሲሞላ ለውሃ የሚተርፈው ክፍተት ቢበዛ ከመቶ 40 እጁ ነው፤ ይህም 1,800 ሊትር መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ብርቱ ዝናብ ሳያበቃ ጉድጓዱ ሞልቶ ይፈሳል ማለት ነው። በክረምት ውሃ የጠገበ ጥቁር አፈር በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ቢያሰርግ እንኳ (ብዙ ጊዜ ከዚህ ያነሰ ነው) በጉድጓዱ ወለልና ግድግዳ በኩል በቀን የሚወጣው 340 ሊትር ገደማ ስለሆነ፣ የሞላው ጉድጓድ ባዶ እስኪሆን ከአምስት ቀን በላይ ይፈጃል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ዝናቡ አምስት ቀን አይጠብቅም።

የእህትዎ መደብ የሚሠራው በሌላ ምክንያት ነው። ይህ አሠራር የተጀመረው በ1990 እ.ኤ.አ. ገደማ በዚያው በሜሪላንድ ግዛት፣ በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ነው፤ አጎራባቹ የሞንትጎመሪ ካውንቲም ሬይንስኬፕስ በሚባለው ፕሮግራሙ መደቡን ለሚሠሩ የቤት ባለቤቶች ከወጪያቸው ይተካል። የዓመቱ የዝናብ መጠን በዚያም በአዲስ አበባም ከ1,000 እስከ 1,200 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ ብዙ ሰዎች ንድፉን እንዳለ አምጥተው እዚህ መትከል የሚቻል ይመስላቸዋል። ልዩነቱ ግን በአወራረዱ ላይ ነው። በሜሪላንድ ዝናቡ ለአሥራ ሁለቱም ወራት ተቀራራቢ ሆኖ ይከፋፈላል፤ በየወሩ ከ70 እስከ 100 ሚሊ ሜትር ያህል ይዘንባል፤ አፈሩም በሁለት ዝናብ መካከል የሚተነፍስበት ጊዜ ያገኛል። በአዲስ አበባ ግን ሐምሌና ነሐሴ እያንዳንዳቸው 250 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ያወርዳሉ፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ጠብ የሚል ነገር የላቸውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የእኛ መደብ ለሁለት ወር ያህል በየቀኑ ጎርፍ መቀበል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ለወራት ድርቅ መቋቋም አለበት። ይህን ያላገናዘበ ንድፍ በክረምቱ ረግረግ፣ በበጋው ደረቅ ጉድጓድ ይሆናል።

ጥቁሩ አፈር ራሱ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል፤ የአብዛኛው ስሕተት ምንጭ እሱ ነውና። ግንበኞች ብላክ ኮተን፣ ገበሬዎች መረሬ የሚሉት ይህ አፈር በበጋ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ንቃቃት ይፈጥራል፤ በክረምት ደግሞ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ንቃቃቱን ሁሉ ይደፍናል። በመጋቢት ጉድጓድ ቆፍሮ ውሃ ያፈሰሰ ሰው ውሃው በደቂቃዎች ውስጥ ሲጠፋ ያያል፤ «አፈሬ ውሃ በደንብ ያሰርጋል» ብሎም ይደመድማል። ያ ውሃ ግን በንቃቃቱ ሾልኮ ሄደ እንጂ አልሰረገም። ያው ጉድጓድ በሐምሌ አጋማሽ ቢሞላ ውሃው ለቀናት ሳይንቀሳቀስ ይቆያል። እንግዲህ ፍተሻው መደረግ ያለበት አፈሩ በጠገበበት ወቅት ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይቆፈራል፤ በአካፋ የተለሰነው ግድግዳው በሚስማር ይጫጫራል፤ ውሃ ተሞልቶ ከሰረገ በኋላ እንደገና ይሞላል፤ ከዚያ በሦስተኛው ሙሌት ላይ ውሃው በሰዓት ስንት ሚሊ ሜትር እንደወረደ በማስመሪያ ይለካል። ከ12 ሚሊ ሜትር በላይ ከወረደ ተራ የዝናብ መደብ ይበቃል። ከ5 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ግን ማፋሰሻ ቱቦ የሌለው መደብ መሥራት ውሃውን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ብቻ ነው።

ወደ መሠረቱ ጉዳይ ስንመጣ፣ የአፈሩ ማበጥና መኮማተር ግድግዳ የሚሰነጥቅበት ዋናው ምክንያት እርጥበቱ በቤቱ ዙሪያ እኩል አለመሆኑ ነው። አንዱ ጥግ ሁልጊዜ እርጥብ፣ ሌላው ደረቅ ከሆነ፣ እርጥቡ ጥግ ወደ ላይ ይገፋል፤ ከመስኮትና ከበር ማዕዘን የሚነሳው ሰያፍ ስንጥቅም ይከተላል። ከቤቱ ጥግ ሥር 1,800 ሊትር ውሃ አምቆ መያዝ ይህንኑ ጉዳት በገዛ እጅ መጋበዝ ነው። በሌላ ዓይነት አፈር ላይ መደቡ ከቤት ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ ይባላል። በጥቁር አፈር ላይ ግን ርቀቱን ከማሳደግ በተጨማሪ ውሃው ወደ አፈሩ ጨርሶ እንዳይሰርግ ማድረግን እመርጣለሁ። 18 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው መደብ በክረምት በቀን ወደ መሬት የሚያሰርገው ቢበዛ 430 ሊትር ያህል ስለሆነ፣ ለዚህች ጥቅም ሲባል ቤትንና አጥርን ለአደጋ ማጋለጥ ተገቢ አይደለም።

ስለዚህ ምክሬ የሚከተለው ነው። ጉድጓዱን ይተዉት። በእሱ ፋንታ የጣሪያው ውሃ መጀመሪያ ወደ ማጠራቀሚያ ሮቶ ይግባ፤ ሮቶው ሲሞላ ትርፉ በወፍራም ፕላስቲክ በታሸገ፣ በሥሩ ማፋሰሻ ቱቦ ባለው የዝናብ መደብ በኩል ተጣርቶና ተዘግይቶ ወደ መንገድ ዳር ቦይ ይውጣ። የኮብልስቶኑ ውሃ ደግሞ ለብቻው፣ ንጣፉ ወደ በሩ ወገን እንዲያዘነብል ተስተካክሎ፣ በአጥሩ ውስጠኛ ጎን በሚሠራ ጥልቀት የሌለው ቦይ ይወሰድ። ከጎረቤት ጋር ያጣላችሁ ውሃ በአብዛኛው ይህ ስለሚመስል፣ መደቡን ከመጀመርዎ በፊት ይህ ይቅደም።

5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ባዶ በሆነበት ቀን የአንድ ብርቱ ዝናብ ውሃ ሙሉ በሙሉ ይይዝልዎታል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለልብስ፣ ለጽዳትና ለመጸዳጃ ቤት መዋሉ በራሱ ዋጋ አለው። ሆኖም ከልክ በላይ ተስፋ አይጣልበት። ቤተሰቡ በቀን 300 ሊትር ቢጠቀም፣ በሐምሌ ጣሪያው በአማካይ በቀን ከ800 ሊትር በላይ ስለሚያወርድ፣ ሮቶው አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ሆኖ ይቆያል። መደቡ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። ከበጋ በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ ስለሚያወርድ ወደ ሮቶው ሳይገባ ወደ ውጭ ይፍሰስ፤ ሮቶ ውስጥ የገባውም ቢሆን ሳይታከም አይጠጣ።

መደቡን ከበሩ አጠገብ፣ ከቤቱ በሚርቀው በኩል፣ 3 በ6 ሜትር ኮብልስቶን አንስተው ይሥሩት፤ ከአጥሩ ግንብም ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ። እዚህ ላይ አንድ ጥሩ ዕድል አለ፦ የጣሪያ ውሃ ከላይ ስለሚመጣ መደቡ ሙሉ በሙሉ መሬት ውስጥ መቀበር የለበትም። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ጥቁሩን አፈር በእጃቸው ሰፋፊ መደብ እያደረጉ ከፍ አድርገው፣ በመካከል ባለው ፈር ውሃውን ሲያጠነፍፉ የኖሩት ይህ አፈር ውሃን ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን ብቻ እንደሚሰጥ ስለሚያውቁ ነው። እርስዎም መደቡን ግማሹን ከመሬት በታች፣ ግማሹን ከመሬት በላይ ቢያደርጉት መውጫው ከፍ ይላል፤ ቁፋሮውም ይቀንሳል። ዙሪያውን ያለ ሲሚንቶ በተደረደረ ድንጋይ ይከልሉት፤ በሲሚንቶ የታሰረ አጭር ግንብ በጥቁር አፈር ላይ ክረምትና በጋ ሲፈራረቁበት ይሰነጠቃል፤ ደረቅ ድርድር ግን ከአፈሩ ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል። ከሮቶው አናት የሚወጣው ትርፍ ውሃም በአጥሩ ላይ በታሰረ ቱቦ እያዘነበለ ወደ መደቡ ይወርዳል፤ በሚያርፍበት ቦታ አፈሩን እንዳይቦረቡረው ጠፍጣፋ ድንጋይ ይቀመጥለት።

የመደቡ ውስጥ ከታች ወደ ላይ እንዲህ ይሆናል። ወፍራሙ ፕላስቲክ ወለሉንና ጎኖቹን ያለ ቀዳዳ ይሸፍናል። በላዩ 20 ሴንቲ ሜትር የታጠበ ጠጠር ይነጠፋል፤ በጠጠሩ ውስጥም የተበሳሳ 110 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቱቦ በየ1 ሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር እያዘነበለ ይተኛል። ከዚያ 10 ሴንቲ ሜትር ደቃቅ ጠጠር፣ በእሱም ላይ 40 ሴንቲ ሜትር የአፈር ድብልቅ ይከተላል። ከድብልቁ በላይ 15 ሴንቲ ሜትር ለውሃ ማቆሪያ፣ ከዚያም በላይ 10 ሴንቲ ሜትር ለጥንቃቄ ባዶ ይተዋል። በአንዱ ጥግ ደግሞ ከድብልቁ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የቆመ፣ አፉ በወንፊት የተሸፈነ ቱቦ ይኑር፤ ከአቅም በላይ የሆነ ዝናብ በእሱ በኩል በቀጥታ ይወጣል። የማፋሰሻው ቱቦ የላይኛው ጫፍም ወደ ላይ ተቆልምሞ በክዳን ይዘጋ፤ አንድ ቀን ሲደፈን በውሃ ግፊት የሚታጠበው በዚያ በኩል ነው። ቱቦውን በጨርቅ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት መጠቅለል የተለመደ ነው፤ አያድርጉት። ጨርቁ በደለል ሲደፈን መደቡን በሙሉ ሳያፈርሱ ማስተካከል አይቻልም። የማጣራቱን ሥራ ደቃቁ ጠጠር ይሠራል።

ይህ መደብ 2,700 ሊትር በላዩ ይይዛል፤ ይህም ከጣሪያዎ ከሚወርደው የ25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ጋር የሚቀራረብ ነው። ዝናቡ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቢወርድ፣ ያለ መደብ ወደ መንገዱ በሰከንድ 1.5 ሊትር ይፈስ ነበር፤ ድብልቁ በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር ካሳለፈ ግን የሚወጣው በሰከንድ 0.3 ሊትር ብቻ ይሆናል። ጥቅሙ ይህ ነው፤ ከዚህ በላይም መጠበቅ አይገባም። በጥቁር አፈር ላይ የዝናብ መደብ ውሃን አያጠፋም፤ ያዘገያል፤ ያጣራል። ጎርፍን የሚፈጥረው ግን በአብዛኛው ሁሉም ጣሪያ ውሃውን በአንድ ጊዜ መልቀቁ ስለሆነ ማዘግየቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ለድብልቁ የተቆፈረውን ጥቁር አፈር መልሰው አይጠቀሙ። «አሸዋ ብጨምርበት ይላላል» የሚለው ሐሳብ ብዙ ጊዜ ይነሳል፤ ነገር ግን በጭቃ አፈር ላይ ጥቂት አሸዋ መጨመር ሲደርቅ እንደ ሸክላ የሚጠነክር ነገር ከመፍጠር አያልፍም። ድብልቁ ከመቶ 60 እጁ የታጠበ አሸዋ፣ 25 እጁ ቀይ ወይም ቡናማ ለም አፈር፣ 15 እጁ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ይሁን። ኮምፖስት ሲበዛ ንጥረ ነገሩ በማፋሰሻው ታጥቦ ወደ ወንዝ ይሄዳል፤ የቦሌ ቡልቡላ ቦይ ደግሞ መጨረሻው አቃቂ ወንዝና አባ ሳሙኤል ግድብ ነው። አሸዋው ከተወደደብዎ ከፊሉን በቢሾፍቱና በአቃቂ አካባቢ በሚቆፈረው ሬድ አሽ መተካት ይቻላል፤ እሳተ ገሞራ የወለደው ባለ ቀዳዳ ድንጋይ ስለሆነ ውሃ ያሳልፋል፣ እርጥበትም ይይዛል። ግን ተነፍቶ ዱቄቱ ይውጣለት። አንድ እፍኝ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምረው ያማስሉት፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ውሃው ገና ቀይ ሆኖ የማይጠራ ከሆነ እንደገና መታጠብ አለበት።

በተክል ምርጫ ረገድ በመደቡ መካከል የሚቆሙት ሁለት ወር ጎርፍንም የወራት ድርቅንም የሚችሉ መሆን አለባቸው። ቬቲቨር ሣር ለዚህ ከማውቃቸው ሁሉ የታመነ ነው። ሰንበሌጥ፣ እንግጫና ካናም ይሆናሉ። ቄጤማ ክረምቱን ይወዳል፤ በበጋ ግን ውሃ ካልተጨመረለት ላዩ ይደርቃል። አደይ አበባ ከፍ ባለው ጠርዝ ላይ ቢዘራ ለመስከረም ይደርሳል፤ ጦስኝና ጤና አዳም ደግሞ ከድንጋዩ ድርድር ውጭ፣ ደረቁ ላይ ካልሆኑ ይበሰብሳሉ። አቮካዶ በመደቡ ውስጥም በአጠገቡም አይተከል፤ ሥሩ ውሃ ያቆረበት ቦታ ላይ በሻጋታ በሽታ ይሞታል። የባሕር ዛፍና የሌላ ትልቅ ዛፍ ሥር ፕላስቲኩን በስቶ ቱቦውን ይደፍናል። የአፈሩን ፊት በሰጋቱራ አይሸፍኑ፤ ውሃ ሲያቁር ተንሳፎ መውጫውን ይዘጋል። ትናንሽ ጠጠር ይሻላል።

ትንኝን በተመለከተ፣ ከእንቁላል እስከ መብረር ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ በአዲስ አበባ ብርድ ደግሞ ከዚያ በላይ ስለሚያስፈልገው፣ በትክክል የተሠራና በአንድ ቀን ውስጥ ባዶ የሚሆን መደብ አያራባም። ውሃው ከ48 ሰዓት በላይ ከቆየ ግን መደቡ ተደፍኗል ማለት ስለሆነ መጠገን አለበት። የበለጠ የሚያሳስበው ሮቶው ነው፤ ክዳኑና የትርፍ ውሃ መውጫው በደቃቅ ወንፊት ይሸፈኑ። ይህን የሚያነቡ የድሬዳዋና የምሥራቁ አካባቢ ነዋሪዎች በተለይ ልብ ይበሉ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. በቀብሪ ደሃር የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትራባ ናት።

ወደ ሴፕቲክ ታንኩ ማገናኘትን በፍጹም አያስቡት። ታንኩ ቆሻሻው እንዲዘቅጥ ፀጥ ያለ ውሃ ይፈልጋል፤ የዝናብ ውሃ ሲገባበት ዝቃጩን ቀስቅሶ ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ በመጨረሻም ከመጸዳጃ ቤት በኩል ወደ ቤት ይመለሳል። የከተማው የፍሳሽ መስመር ማንሆል ውስጥ መልቀቅም ያው ነው፤ ልዩነቱ ጉዳቱ የሚደርሰው ታች ባሉ ሰዎች ላይ መሆኑ ብቻ ነው።

ሥራው ጊዜውን ይጠብቅ። ቁፋሮው በኅዳር ይሁን፤ በክረምት ጭቃው አይያዝም፣ ከጥር በኋላ ደግሞ ዶማ የማይበግረው ይሆናል። ሙሌቱ ከሚያዝያ በፊት ይለቅ፤ የበልጉ ዝናብ ድብልቁን ያስቀምጠዋል። ተከላው በሰኔ መጀመሪያ ይሁን። በግቢው ውስጥ የሲሚንቶ ሥራ ካለ እጣቢው ወደ መደቡ እንዳይገባ ይጠንቀቁ፤ አንድ ጊዜ የገባ የሲሚንቶ ወተት ድብልቁን ለዘለቄታው ይደፍነዋል። በየዓመቱ ከሰኔ በፊት አሸንዳው ይጠረግ፤ በረዶ ከጣለ በኋላም የመውጫው ወንፊት ይታይ፤ የረገፈ ቅጠልና በረዶ አንድ ላይ ሆነው የሚደፍኑት በዚያች ሰዓት ነው።

በእንጦጦ ግርጌ፣ በጉለሌና በሽሮ ሜዳ በኩል ቀይ አፈር ላይ ያላችሁ አንባቢዎች ከላይ ያለው ሁሉ አያስፈልጋችሁም ይሆናል። ፍተሻው ጥሩ ውጤት ከሰጠ ያለ ፕላስቲክና ያለ ማፋሰሻ ቱቦ፣ ከቤት 3 ሜትር፣ ከሴፕቲክ ማስረጊያ 10 ሜትር የራቀ ተራ መደብ በቂ ነው። ቁልቁለቱ በ10 ሜትር ከ1 ሜትር በላይ ከወረደ ግን አይሥሩ፤ የሰረገው ውሃ ከታች ያለውን የድጋፍ ግንብ ይገፋል።

እርስዎ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት አንድ ነገር ያረጋግጡ። 10 ሜትር የሚያህል ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ገዝተው ውሃ ይሙሉበት፤ አንዱን ጫፍ መደቡ በሚሠራበት ቦታ፣ ሌላውን በመንገዱ ቦይ ላይ ይያዙና የሁለቱን ከፍታ ያነጻጽሩ። የቦይው ወለል ከግቢዎ መሬት ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ከሆነ ማፋሰሻው በራሱ ይወጣልና ሥራውን ይጀምሩ። ቦይ ከሌለ፣ ወይም ወለሉ ከዚህ ከፍ ያለ ከሆነ፣ መደቡን አይሥሩት፤ ሮቶውንና የኮብልስቶኑን ቦይ ብቻ ሠርተው የመንገዱ ቦይ እስኪዘረጋ ይጠብቁ፤ ለዚህም ከጎረቤትዎ ጋር ሆነው ለወረዳው በጽሑፍ ያመልክቱ።